ሰው ወደ አውሬነት ይለወጣልን?

ክርስቲያን አንባብያን ሆይ፤ በዛሬው ዘመን ወጣቶቻችን በሚያነቧቸው የውጭ አገር ልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሌሊት ወደ ተኵላነት የምትለወጥ ኮረዳ የጀግንነት ስፍራ ተሰጥቷት ትገኛለች። በትልቅ ከተማ መካከል ምስጢሯን ሸሽጋ ትኖራለች፤ ከሚያሳድዷት ታመልጣለች፤ በመጨረሻም ሌሎችን ከጥፋት ታድናለች። አንባቢው ፍርሃቷንና ብቸኝነቷን በቅርብ ስለሚያይ ያዝንላታል፤ እንድትተርፍም ይመኝላታል። ነገሩ ተረት እንደ ኾነ ጸሓፊውም አንባቢውም ያውቃሉና በዚህ ላይ ክርክር አናነሣም።

በአገራችን ግን ለዚሁ ተረት ወንድም የኾነ ነገር አለ፤ ይኸውም ቡዳ የሚባል ሰው ሌሊት ጅብ ኾኖ ይወጣል፣ በዓይኑም ሰው ይበላል የሚለው ነው። በጆሮው ጕትቻ ያለበት ጅብ ተገደለ የሚለውን ወሬ በልጅነቱ ከምድጃ ዳር ያልሰማ ጥቂት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጡ እንግሊዛውያንም ይህንኑ ሰምተው ጽፈውታል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በልብ ወለዱ ተኵላ የምትኾነው ልጅ በዓለም የለችም፤ እኛ ጅብ የምንላት ግን አለች። ስም አላት፤ እናት አላት፤ ክርስቲያን ትኹን እስላም የአዳም ልጅ ናት። በቢስቲማ ገበያም ይኹን በኮምቦልቻና በደሴ፣ ምጣድና ጀበና ዘርግታ የምትቀመጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ይህ ስም ከወጣላት፣ በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ የሚበላው ሰው ሕፃኑን ከዓይኗ ይሸሽጋል፤ ልጁንም ለእርሷ አይድርም።

እንግዲህ የምንመረምረው ነገር ኹለት ነው። አንደኛው፣ ሰው በእውነት ወደ አውሬነት ይለወጣልን? የሚል ነው። ኹለተኛውም፣ ባልንጀራውን አውሬ ነህ የሚል ሰው እርሱ ራሱ ምን ይኾናል? የሚል ነው።

ስለ ፊተኛው የምንለው ይህ ነው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና ምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ይህን አርአያ ያተመ ፈጣሪ ነውና ፍጡር ሊፍቀው አይችልም። የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት አልኾነችምን ቢሉ፣ ያ የፈጣሪ ሥልጣን ነው እንጂ የሰው ጥበብ ወይም የጋኔን ኀይል አይደለም። ናቡከደነፆርስ እንደ በሬ ሣር አልበላምን ቢሉ፣ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው የተለወጠው ልቡና ነው፤ ጠጕሩና ጥፍሩ ቢያድግም ሰውነቱ አልተለወጠም፤ ስለዚህም ዓይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ አእምሮው ተመለሰለት። የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስም ስለ እግዚአብሔር ከተማ በጻፈው መጽሐፉ፣ በግሪክ አገር ሰዎች ተኵላ ኾኑ የሚለውን የጥንት ወሬ መርምሮ፣ አጋንንት ዓይንን ያታልላሉ እንጂ ባሕርይን መለወጥ አይቻላቸውም ብሎ አስተምሯል።

ይህ ስም በማን ላይ እንደሚወጣ ስንመለከት የነገሩ ሥር ይገለጣል። በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በፋቂው፣ እንዲሁም በጎንደር አገር በእጅ ሥራ ይኖሩ በነበሩት በቤተ እስራኤል ላይ ነው። ባለ ርስቱ ባላገር ቡዳ ሲባል እምብዛም አይሰማም። የጅብ ባሕርይ እንዴት መሬት ያለውን ትቶ መሬት የሌለውን ብቻ መረጠ? እንግዲህ ይህ ንቀት ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም። እግዚአብሔር ለደብተራ ኦሪት ሥራ ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ ነው። የምንሳለመውን መስቀል፣ የምናጥንበትን ጽንሐሕ፣ የምናሸበሽብበትን ጸናጽል ያበጀው ማን ነው? አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ባስተማሩበት፣ ለቢስቲማ ጎረቤት በኾነው በሐይቅ እስጢፋኖስ ብራናው የተፋቀበት ስለት ከብረት ሠሪ እጅ የወጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሰው ኹሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መኾኑን አስታውሰው፣ ማንም ባለ ሙያን በሥራው እንዳይሰድብ ከልክለዋል።

ነገር ግን በጠበል የታመመው ሰው ለፍልፎ የበላውን ሰው ስም ይጠራ የለምን? የሚል አይጠፋም። ብርቱው ጥያቄ ይህ ነውና እኛ ካህናት ልናስተውለው ይገባናል። ርኩስ መንፈስ ሰውን እንደሚያውክ ቤተ ክርስቲያን ታምናለች። ይኹን እንጂ የሚጮኸው መንፈሱ ከኾነ፣ መንፈሱ ማን ነው? ጌታችን የሐሰት አባት ያለው የዲያብሎስ ወገን አይደለምን? ሐሰተኛውን ምስክር በአደባባይ የማንቀበል ሰዎች፣ የሐሰት አባትን ምስክርነት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዴት እንቀበላለን? ጌታ አጋንንት እርሱን ዐውቀው እውነቱን በተናገሩ ጊዜ እንኳ ዝም በሉ ብሎ ገሥጿቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ፣ የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት ገረድ እየተከተለች ስለ እነርሱ እውነት የኾነውን በጮኸች ጊዜ፣ ምስክርነቷን አልፈለገም፤ መንፈሱን አስወጣ፤ ልጅቱን ግን ነጻ አወጣት። ስለዚህ ማን በላህ? ብሎ መጠየቅ የካህን ሥራ አይደለም። የካህን ሥራ መጸለይና ውጣ ማለት ነው። ስም የጠየቀ ካህን ከአንዱ ሰው ጋኔን አወጣለሁ ሲል በመንደሩ ኹሉ ላይ ጠብን ያስገባል።

የዚህም ፍጻሜ ወዴት እንደሚያደርስ የሌላው ዓለም ታሪክ ያስተምረናል። በጀርመን አገር በቤድቡርግ በ1589 እ.ኤ.አ. ጴጥሮስ ስቱምፕ የተባለ ሰው ተኵላ ኾኖ ሰው በልቷል ተብሎ በብርቱ ሥቃይ በተገደለ ጊዜ፣ ልጁም አብራው ተቀጣች፤ በእሳትም ተቃጠለች። ነገር ግን በፈረንሳይ አገር በቦርዶ በ1603 እ.ኤ.አ. ዣን ግርኒዬ የሚባል ብላቴና በገዛ አፉ ተኵላ እኾናለሁ ብሎ ሲናገር፣ ዳኞቹ የአእምሮውን ድካም አይተው ሞትን ትተው ወደ ገዳም ሰደዱት። ክሱ አንድ ዓይነት ሲኾን በአንዱ ስፍራ አውሬን ፈለጉ፤ በሌላው ስፍራ ሰውን አዩ።

የቤተ ክርስቲያናችንም መንገድ ሰውን ማየት ነው። ፊቱ የውሻ ፊት እንደ ነበረ የሚነገርለት ክርስቶፎሮስ በስንክሳራችን ከሰማዕታት ጋር ይታሰባል። አባቶቻችን ገጹን አይተው አላሳደዱትም፤ ሃይማኖቱን አይተው ቅዱስ አሉት። እኛ ግን ገጿ የሰው ገጽ የኾነውን ልጅ አውሬ ናት ብለን እንሸሻለን።

አኹን ወደ ኹለተኛው ጥያቄ ደረስን። ጅብ በጨለማ ይሄዳል፤ ደካማውንም መርጦ ይነክሳል። ሐሜተኛም እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊት አይናገርም፤ ወገን የሌለውን ይመርጣል። መዝሙረኛው ሰው ክብሩን ባለማወቁ እንስሳትን መሰለ ያለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ነገር የተለወጠ ሰው ቢኖር የተከሰሰችው አይደለችም፤ ከሳሿ ነው። መለወጡም በሥጋ ሳይኾን በልቡና ነውና እንደ ናቡከደነፆርስ ዓይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ ይመለሳል።

ስለዚህ የንስሓ አባቶች ይህን ስም በአፉ የሚያመላልሰውን ኀጢአቱን አስታውቁት፤ የሰውን ስም መግደል ነፍስን ከመግደል ወገን ነውና። ሕፃን የታመመበት ወላጅ ወደ ጠበልም ወደ ሐኪምም ይውሰደው እንጂ በጎረቤቱ ላይ ጣቱን አይጠቍም። የትዳር ጥያቄ በመጣ ጊዜ ሃይማኖትና ምግባር ይጠየቅ፤ የአባት ሙያ ነውር አይኹን። በሌለች ልጅ ብቸኝነት የሚያዝኑ ወጣቶችም ያን ርኅራኄ ከመጽሐፉ አውጥተው በገበያው መካከል ወዳለችው ያድርሱት። በፍርድ ቀን ስለ ተረቱ ልጅ የሚጠይቀን የለም፤ ስለዚህችኛዪቱ ግን እንጠየቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።