የተሰወረ አቅምና የመፈተን ሥርዓት

አንድ ነገር ገና ያልተሠራበት አቅም አለው ሲባል ያ አቅም በእርግጥ አለን? ካለስ ሳይወጣ ሊታወቅ ይችላልን? ይህ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ረቂቅ ቢመስልም በየቤቱ ባለ የባትሪ ድንጋይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደጋግሞ የሚሞላ የባትሪ ድንጋይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የውስጡን አይናገርም። አዲሱና ያረጀው፣ የሞላውና የጎደለው በመልክ አይለዩም። ስለ አቅሙ የሚመሰክረው ሻጩ ወይም አምራቹ በላዩ ያተመው ቁጥር ብቻ ነው። አቅም የሚለካ ቻርጀር መምረጥም ስለዚህ ከዕቃ ግዢ ያልፋል፤ ምስክርነትን በምን ማረጋገጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ይነካል።

የዚህን ጥያቄ ክብደት በገበያ ማየት ይቻላል። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር አቀበት ሥር የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ የደጋ ከተማ ገበያ እህል በጣሳና በቁና ሲሰፈር ሻጭና ገዢ አብረው ያያሉ፤ መስፈሪያው መሙላቱንና መጉደሉን የሁለቱም ዓይን ይዳኛል። የባትሪ ድንጋይ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ዳኛ የለውም። ሌሊት ለማሕሌት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ካህን፣ ከብት ፍለጋ ገደል ለገደል የሚሄድ ገበሬ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ለመርዳት በጨለማ የተጠራች አዋላጅ፣ ሁሉም የሚተማመኑት ባላዩት አቅም ላይ ነው። መብራቱ መንገድ ላይ ሲጠፋ ጉዳቱ የሚደርሰው ቁጥሩን ባተመው ላይ ሳይሆን ባመነው ላይ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሜጋራ ፈላስፎች የሚባሉት ወገኖች አንድ ነገር አቅም አለው የሚባለው በተግባር ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው ይሉ ነበር። አርስጣጣሊስ «ሜታፊዚክስ» በተባለው መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል ይህን ተቃውሟል። የእነርሱ ቃል እውነት ከሆነ ግንበኛ መዶሻውን ባስቀመጠ ቁጥር ሙያውን ያጣል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰውም በቀን ብዙ ጊዜ ዕውር ይሆናል። ስለዚህ አቅም በዕረፍት ጊዜም አለ። ሆኖም አርስጣጣሊስ ሌላም ነገር አክሏል፦ በዕውቀት ረገድ ተግባር አቅምን ይቀድማል። ማየት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የማየት አቅም ምን እንደሆነ ሊነገር አይችልም።

የባትሪ ድንጋይ ሁለቱንም ሐሳብ ያጸናል። ደጋግሞ ከሚሞሉት ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን በአንደኛው ጫፍ ባለው የብረት ውሕድ ውስጥ ይከማቻል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው የኒኬል ውሕድም ይለወጣል። ይህ ለውጥ ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶም ቢሆን በእርግጥ ያለ ነገር ነው። መጠኑ ግን ከውጭ አይታይም። ብዙ ሰው ቮልቴጅ በመለካት አቅምን ያወቀ ይመስለዋል። አዲስ የተሞላ ድንጋይ 1.4 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1.2 ቮልት አካባቢ ይቆይና ሊያልቅ ሲል በፍጥነት ይወርዳል። ያረጀ ድንጋይም ሲሞላ ተመሳሳይ ቮልቴጅ ያሳያል፤ ልዩነቱ ቶሎ መውደቁ ላይ ነው። በአንድ አፍታ የታየ ቁጥር ዘለቄታን አይናገርም።

ዘለቄታን የሚለካው መንገድ አንድ ነው፦ ድንጋዩን መሙላት፣ ማሳረፍ፣ በታወቀ የኤሌክትሪክ ፍሰት እስኪያልቅ ማውረድና የወጣውን መቁጠር። መለኪያው ሚሊአምፒር ሰዓት ይባላል። 400 ሚሊአምፒር እየሰጠ አምስት ሰዓት የቆየ ድንጋይ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት አቅም አለው። አይኢሲ 61951-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ ዓይነት ድንጋይ ያስቀመጠው ሥርዓት ግልጽ ነው። ከታተመው አቅም አንድ አሥረኛ በሆነ ፍሰት 16 ሰዓት ይሞላል፣ ያርፋል፣ ከዚያም አንድ አምስተኛ በሆነ ፍሰት እስከ 1.0 ቮልት ይወርዳል። ይህም ሁሉ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሥርዓቱ የተወሰነበት ምክንያት ፍልስፍናዊ ክብደት አለው። አቅም ከሁኔታ ተነጥሎ አይለካም፤ ሁለት ሰዎች በቁጥር የሚስማሙት አስቀድመው በመለኪያው ሁኔታ ሲስማሙ ነው።

የታተመ ቁጥር ከእውነት የሚርቅበት ጉልህ ምሳሌ 18650 የሚባለው የሊቲየም አዮን ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በብዙ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ አለ። ጥሩ የሚባለው በ3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል፤ በገበያ ግን 9,900 የሚል ቁጥር የታተመባቸው ይገኛሉ። በዚያ መጠን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይህን ያህል ኃይል አይገባም። ሐሰቱ የሚዘልቀው ገዢው የሚመረምርበት መሣሪያ ስለሌለው ነው።

በሐሰት ሚዛን ላይ ሃይማኖቶች የተናገሩት ከባድ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንና ኦሪት ዘዳግም ትክክለኛ ሚዛንና መስፈሪያን ያዛሉ። ኦሪት ዘዳግም በተለይ በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ መመዘኛ መያዝን ይከለክላል። መጽሐፈ ምሳሌም አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ያስተምራል። የቁርኣን 83ኛው ሱራ፣ አል-ሙጠፊፊን፣ ለራሳቸው ሲሰፈርላቸው ሙሉ የሚቀበሉትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ይገሥጻል። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚገበያዩባት ሰሜን ሸዋ ይህ ትምህርት ለሁለቱም ወገን የጋራ ሕግ ነው። የአገሪቱ ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ስለ ዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢም ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት እንዲመረምር ይጠብቅበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ አሳሳች መግለጫን ይከለክላል። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ»፣ ደራሲነቱ ሊቃውንትን ያከራከረ ቢሆንም፣ ከሌላ የተሰማውን ሁሉ በልቡና መርምሮ መቀበልን ያስተምራል። መመርመር እንግዲህ የጥርጣሬ ሱስ አይደለም፤ ገዢው ለእውነት የሚከፍለው ድርሻ ነው።

መፈተን ግን በራሱ ገደብ ያስፈልገዋል። በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም በልጁ ተፈተነ፤ ኢዮብም ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን አጣ። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሰውን ለምን ይፈትናል ለሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን መምህራን የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ ፈተናው እግዚአብሔር የማያውቀውን እንዲያውቅ ሳይሆን በልብ የነበረው እምነት በሥራ እንዲገለጥና ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ነው። የሰው ፈተና ከዚህ ይለያል። ሰው የሚፈትነው ስለማያውቅ ነው፤ የሚያውቀውም የሚፈትነውን ነገር በመቀነስ ነው። የባትሪ ድንጋይ በሞላና ባለቀ ቁጥር ከዕድሜው ጥቂት ይቀነሳል። ዕለት ዕለት የሚለካ ድንጋይ ለሥራ የተሰጠውን ዕድሜ በመመዘን ይጨርሳል። ስለዚህ ፈተና ተገቢ የሚሆነው የሚያመጣው ዕውቀት ከሚያስከፍለው ዋጋ ሲበልጥ ነው፦ ሲገዛ፣ ድካም ሲታይበት፣ ከዚያም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ።

ቻርጀር የሚመረጠውም በእነዚህ መርሆች ነው። የመጀመሪያው መመዘኛ የሚቆጥረው የሚወጣውን ነው ወይስ የሚገባውን የሚለው ነው። ርካሽ ቻርጀሮች ሲሞሉ ያስገቡትን ብቻ ያሳያሉ። ከሚገባው ግን ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በደረጃው ሥርዓት የሚገባው ከታተመው አቅም 160 ከመቶ መሆኑ ይህን ያሳያል። የገባውን አቅም ብሎ የሚጠራ ቻርጀር ሳያስበውም የሐሰት ምስክር ይሆናል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው መያዙ ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚሞላ ቻርጀር የደካማውን ጉድለት በብርቱው ይሸፍናል። ሦስተኛው የመሙያና የማውረጃ ፍሰትን ለመምረጥ መፍቀዱ ነው። አራተኛው መሙላቱን የሚያውቅበት መንገድ ነው። የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ሲሞላ ቮልቴጁ በጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ይላል፤ ፍሰቱ በጣም ካነሰ ይህ ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩ የሙቀት መቆጣጠሪያም ሊኖረው ይገባል።

በእነዚህ መመዘኛዎች ከሚታወቁት አንዱ ፓወሬክስ ኤምኤች-ሲ9000 ነው። አራት ድንጋዮችን ለየብቻ ይይዛል፤ የ16 ሰዓቱን የደረጃ ሥርዓት የሚከተል የአሠራር ምርጫም አለው። ሙሉው ሥራ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ኦፐስ ቢቲ-ሲ3100 እና ሊቶካላ ሊ-500 ደግሞ ከኒኬሉ በተጨማሪ ሊቲየም አዮንንም ይፈትናሉ። ይህ ልዩነት የደኅንነት ጉዳይ ነው። የሊቲየም አዮን ድንጋይ በ4.2 ቮልት መቆም አለበት፤ ለኒኬል ብቻ በተሠራ ቻርጀር ውስጥ ከገባ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በቤቱ የኒኬል ድንጋይ ብቻ ያለው ሰው ስለዚህ ሁሉን የሚሠራ ቻርጀር መፈለግ የለበትም፤ የ18650 የእጅ ባትሪ ያለው ግን ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሌላ መመዘኛ ይጨመራል። ፈተናው ሊያልቅ ሲል መብራት ከጠፋ ብዙ ቻርጀር ቁጥሩን ይረሳል፤ መብራቱ ሲመለስም በራሱ ምርጫ እንደ አዲስ መሙላት ይጀምራል። በ12 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ከመኪና ባትሪ ወይም ከሶላር ጋር በተገናኘ ባትሪ ላይ ሊቀጥል ስለሚችል ለእንዲህ ያለው ቦታ ይመረጣል።

ውጤቱን ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ብርድና ሙቀትን ያቋርጣል። ድንጋይ በብርድ የሚሰጠው ይቀንሳል። በውርጭ ሌሊት የተለካ ቁጥር በቆላ ከተለካው ቢያንስ ድንጋዩ አረጀ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቆየ ድንጋይም በመጀመሪያው ፈተና ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ሊያገግም ይችላል። በአንድ ፈተና የወደቀውን ወዲያው መጣል ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ተደጋግሞ ከታተመው አቅም 80 ከመቶ በታች የሚሰጥ ግን ብዙ ኃይል ለሚፈልግ ሥራ አይታመንም።

ከፈተናው በኋላ የሚመጣው ሥራ መደልደል ነው። አቅማቸው የተቀራረበ ድንጋዮች በአንድ የእጅ ባትሪ ውስጥ አብረው ይገባሉ፤ የተለያዩት አብረው ከገቡ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ብርቱው እየገፋም ያበላሸዋል። የደከመው ጥቂት ኃይል ለሚበቃው የግድግዳ ሰዓት ይሆናል። ጨርሶ የማይሠራው ከእርሻና ከውኃ ርቆ ለብቻው ይቀመጣል። በማቴዎስ ወንጌል ያለው የመክሊት ምሳሌ ለዚህ ድልድል መሠረት ይሰጣል። ጌታው ለአገልጋዮቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት የሰጠው እንደ አቅማቸው ነበር። ሁለት ያተረፈው አምስት ካተረፈው ጋር እኩል ተመሰገነ፤ የተነቀፈው የተሰጠውን የቀበረው ነው። የአቅም ማነስ ነውር አለመሆኑን ምሳሌው ያሳያል። 1,200 የሚይዝ ድንጋይ 1,200 መሆኑ ከታወቀ በልኩ ያገለግላል፤ ጉዳት የሚያመጣው ከልክ በላይ የታተመ ቁጥርና ያንን ሳይመረምሩ ማመን ነው። ጥሩ ቻርጀር የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፦ ለእያንዳንዱ ድንጋይ የሚችለውን ያህል ሥራ መስጠት።