ወደ ውኃው የገባው ክር

በታኅሣሥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ብትወጣም ብርዱ ቶሎ አይለቅም። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ሣሩ ላይ እንደተነሰነሰ ጨው ነጥቶ ይቆያል፤ በበሬሳ ወንዝ ዳር ያቆረው ውኃ ስስ በረዶ ለብሶ ያድራል፤ ከየቤቱ የሚወጣው የኩበት ጭስ ሳይበተን ሽቅብ ይሄዳል። ነፋስ የለም። በዚህ ሰዓት ከወንዙ ዳር አንድ ወጣት ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በጣቶቹ መካከል ቀጭን የናይለን ክር ይዟል። ክሩ ከእጁ ተነሥቶ ጥቂት ክንድ ያህል በፀሐዩ ያብለጨልጫል፤ ውኃው ዘንድ ሲደርስ ይጠፋል።

ዓይናችን እዚያ ይረፍ፤ ክሩ ውኃውን በሚነካበት ነጥብ ላይ። ከነጥቡ በላይ ያለው ሁሉ ለዓይን የተሰጠ ነው፦ ባሕር ዛፉ፣ ድልድዩ፣ በጎቹን ወደ መስክ የሚነዳው ልጅ። ከነጥቡ በታች ያለው ግን ለጣት የተሰጠ ነው። የወንዙ ፍሰት ክሩን ሲስበው አንድ ዓይነት ስሜት አለው፤ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ከድንጋይ ሲጋጭ ሌላ፤ መንጠቆው ሥር ሲይዝ ደግሞ ሌላ። ዓሣ የነካው እንደሆነ ግን ንክኪው ከሁሉም የቀለለ ነው፤ የሚያስደነግጠውም ስለቀለለ ነው።

በውርጭ ወራት ያ ንክኪ ይበልጡን ይሳሳል። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከሚኖርበት ውኃ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፍጡር ነው። ውኃው ሲበርድ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፤ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም፤ ምግብ ፍለጋ የሚሮጥበት ምክንያት ያንሳል። የሚኖርበትም ስፍራ ይጠብበታል። በሐምሌና በነሐሴ ደፍርሶና ሞልቶ ያለፈው በሬሳ፣ በታኅሣሥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚሾልክ ቀጭን ውኃ ይሆናል፤ ዓሣውም ጠለቅ ባሉት ኩሬዎች ይሰበሰባል። ውኃው ጠርቷልና የሰው ጥላ ያስበረግገዋል። ስለዚህ ወጣቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ጥላውን ከኋላው ያደርጋል፣ እግሩንም አያንቀሳቅስም። የእርምጃ ንዝረት በድንጋይና በአፈር አልፎ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ዓሣው ይህን የሚሰማበት አካል አለው። በሁለቱም ጎኑ፣ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ አንድ ቀጭን መስመር ተዘርግቷል፤ በቅርበት ላስተዋለው ሰው ረድፍ የያዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። በዚህ መስመር የውኃውን እንቅስቃሴ ሁሉ ያዳምጣል፦ የጎረቤቱን ክንፍ፣ የምትወድቀውን ትል፣ ዳር ላይ የሚረግጠውን እግር። እንግዲህ በአንዲት ኩሬ ሁለት አዳማጮች አሉ። አንዱ ከላይ ሆኖ በክሩ ወደ ታች ያዳምጣል፤ ሌላው ከታች ሆኖ በጎኑ መስመር ወደ ላይ ያዳምጣል። አይተያዩም። በመካከላቸው ያለው ዝምታ ባዶ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የሚጠብቁት፣ ሁለቱም የሚያውቁት ዝምታ ነው።

ከዚህ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመዳፍ የማይበልጥ ነጭ ዓሣ። በሬሳ ቁልቁል ወርዶ ከጀማ ወንዝ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ፣ በቆላው ሙቀት ውስጥ፣ አምባዛን የመሰለ ትልቅ ዓሣ አለ። ደጋው ላይ ግን ኑሮው ገብስና በግ ነው፤ ዓሣ ለደብረ ብርሃን ሰው ዋና ምግብ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ወጣቱን ከዚህ ብርድ ላይ ያስቀመጠው ረሃብ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ። የማያየውን ነገር በጣቱ ይዞ መቆየት በራሱ የሚያጠግብ ነገር አለው።

በዚያው ወር፣ ከዚህ እጅግ በራቀ ስፍራ፣ ተመሳሳይ ክር ወደ ጨው ውኃ ይወርዳል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል አጠገብ፣ ፑጀት ሳውንድ የተባለ ወደ የብስ የገባ ባሕር አለ። በብርዱ ወራት ለመዝናናት የሚያሰግሩ ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ወጥተው ቺኑክ የተባለውን ሳልሞን ይፈልጋሉ፤ ገና ለመራባት ያልደረሰውን፣ እየበላ የሚያድገውን። ድዱ ጥቁር ስለሆነ «ጥቁር አፍ» ብለው ይጠሩታል። ወደ ሰሜን ርቆ፣ አላስካ ውስጥ ባለችው በሆመር ከተማ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ በመጋቢት ለዚሁ ዓሣ ውድድር ይደረጋል። እዚያም ሰው ይቀመጣል፤ ዝናብና በረዶ የቀላቀለ ሰማይ ከላዩ፣ ግራጫ ውኃ ከሥሩ። እዚያም ክሩ ውኃውን ሲነካ ይጠፋል። ልዩነቱ ጥልቀቱ ነው፤ የበሬሳው ክር የሰው ቁመት የማያህል ውኃ ውስጥ ሲያርፍ፣ የዚያኛው በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ይወርዳል።

ከሳልሞኑ በታች፣ ከባሕሩ ወለል ላይ ሃሊበት የተባለ ዓሣ ተኝቷል። ስለ እርሱ ባሰብኩ ቁጥር መደነቄ አይቀርም። ጠፍጣፋና ግዙፍ ነው፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን በመንጠቆ ተይዞ ያውቃል። ሲፈለፈል ግን እንደማንኛውም ዓሣ አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የግራ ዓይኑ ቀስ እያለ በግንባሩ በኩል ይጓዝና ከቀኝ ዓይኑ አጠገብ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሁለቱንም ዓይኖቹን ወደ ላይ አንሥቶ ይኖራል። የላይኛው ጎኑ የባሕሩን ጭቃ መስሎ ይጠቁራል፤ የታችኛው፣ ማንም የማያየው፣ ይነጣል። በብርዱ ወራት ለመራባት ወደ ጥልቁ፣ በመቶዎች ሜትር ወደሚቆጠረው ጨለማ ይወርዳል። ብርሃን ከማይደርስበት ስፍራም ዓይኖቹ ወደ ላይ እንደተመለከቱ ናቸው።

በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ባሕር ዳርቻ ነባር ሕዝብ የሆኑት ትሊንጊቶች ለዚህ ዓሣ መንጠቆ ከእንጨት ይሠሩ ነበር። የመንጠቆውን አንዱን ክንድ በእንስሳ ወይም በመንፈስ ምስል ይቀርጹታል፤ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ምስሉ ፊቱን ወደ ወለሉ አዙሮ ይንሳፈፋል። ሰው ለማያየው ስፍራ፣ ወደ ላይ ለሚመለከቱ ሁለት ዓይኖች ብቻ፣ ያን ያህል ጥበብ ተቀርጿል። ክር የያዘ ሰው ከሌላኛው ጫፍ ያለውን ፍጡር ምን ያህል እንደሚያከብር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም።

ያ ክር የሚወርድበት የባሕር ውኃ በበሬሳ ዳር እንዳቆረው ውኃ ዜሮ ዲግሪ ላይ በረዶ አይሆንም። ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት። በብርዱ ወራት ክር ወደ ባሕሩ መግባት የቻለው አንድም ጨው ውኃውን ስለጠበቀው ነው። የባሕር ጨው ደግሞ ለደብረ ብርሃን ጎረቤት ለሆነችው ለአንኮበር ሰው እንግዳ አልነበረም። አፋሮች ጅቡቲ ውስጥ ካለው ከአሳል ሐይቅ ዳር ጨው እየቆረጡ በግመል ጭነው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ ከአንኮበር በታች ወዳለችው የአሊዩ አምባ ገበያ ያመጡት ነበር። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ የባሕር ውኃ በምድር ሥር እየሰረገ ይገባበታል፣ ፀሐይ ያተንነዋል፣ ጨዉ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ በአሳል በኩል አልፎ፣ በዚያው የሲራራ መንገድ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር ወጣ። ከእርሱ በፊትም ከእርሱም በኋላ መንገዱን ያቀናው የግመል ሰልፍ ነበር። ባሕርን በዓይኑ ያላየ ደገኛ በወጡ ውስጥ በየዕለቱ ይቀምሰው ነበር። ይህም አንድ ክር ነው፤ አንዱ ጫፉ በተራራው ሰው እጅ፣ ሌላው ከማይታይ ጨው ውኃ ውስጥ።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር እየነጨ በሚውልበት ገደል አፋፍ ያልፋል። እዚያ አፋፍ ላይ ቆሞ ዝናብን ማሰብ ይገባል። ሁለት ጠብታዎች ከአንድ ደመና ይወርዳሉ። በስተ ምዕራብ የወደቀችው በበሬሳ በኩል ጀማን፣ በጀማ በኩል ዓባይን ይዛ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጣ ወደ ሜዲትራኒያን ትሄዳለች። በስተ ምሥራቅ የወደቀችው በአይራራ በኩል ወደ አዋሽ ትወርዳለች፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የአቤ ውኃ ጨው ነው። አንዷ ወደ ባሕር ትደርሳለች፤ ሌላዋ ባሕር ባትደርስም ጨው ሆና ትቀራለች። በመካከላቸው የነበረው ርቀት የአንድ አፋፍ ስፋት ነው።

ከዚህም ጠለቅ ያለ አለ። ጀማ የቆረጠውን ገደል ወርዶ ያየ ሰው ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ያ ድንጋይ ከባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ይህን አገር ሸፍኖት ነበር፤ የቀንድ አውጣና የዛጎል ዘሮች ቅሪት በድንጋዩ ውስጥ ይገኛል። ባሕሩ ሸሸ፤ አሸዋና ጭቃ ተከመረበት፤ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መፍሰስ የጀመረው የቀለጠ ድንጋይ ሁሉንም ከደነው። ወጣቱ የተቀመጠበት ጥቁር ድንጋይ የዚያ ክዳን ቁራጭ ነው። ከሥሩ፣ እጅግ ከሥሩ፣ የባሕር ወለል ተኝቷል። ክሩ እዚያ አይደርስም። ግን አቅጣጫው ወደዚያው ነው።

ሳልሞን የተወለደበትን ወንዝ ትቶ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ዓመታት ኖሮም የወንዙን ሽታ አስታውሶ ይመለሳል። የሰሜን ሸዋ ዓሣ ይህን ጉዞ አያውቅም፤ በሬሳ ከባሕር እጅግ ሩቅ ነው። የጉዞው ጥሪ ግን ከአገራችን አልጠፋም። በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ክረምቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከሐይቁ ወጥተው ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከጠጠር መካከል እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። በባሌ ተራሮች ደግሞ ትራውት የተባለው የሳልሞን የቅርብ ዘመድ በወይብና በዳንካ ወንዞች ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ውርጩን ተላምዶታል፤ ሰዎችም ለመዝናናት በመንጠቆ ያሰግሩታል።

በፑጀት ሳውንድ ዛሬ ጥቁር አፍ ያሰገረ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ይመለከታል። ከጅራቱ አቅራቢያ ያለችው ትንሽ ክንፍ ከተቆረጠች ዓሣው በማራቢያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ ሊወሰድ ይችላል። ክንፏ ካለች ዓሣው የወንዙ የራሱ ልጅ ነው ተብሎ ይታሰባልና ወደ ውኃው ይመለሳል። የዚያ ባሕር ቺኑክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሥጋት ላይ ያለ ተብሎ በሕግ ይጠበቃል። ወንዞቹ ተገድበዋል፣ ቆሽሸዋል፤ የሰው ልጅ ዋጋውን ያወቀው ክሩ ባዶውን መውጣት ሲያበዛ ነው። በጣናም ዓሣው ሊራባ በሚሄድበት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ኖሮ የነጭ ዓሣው ቁጥር ክፉኛ ቀንሷል።

የበሬሳው ክርም አንዳንድ ቀን ፌስታል ይዞ ይወጣል። ደብረ ብርሃን እያደገች ነው፤ ፋብሪካውም ቤቱም በዝቷል፤ የከተማው ቆሻሻና ፍሳሽ መንገዱን ወደ ወንዙ አድርጓል። ዓሣው በጎኑ መስመር የሚያዳምጠው ያንኑ ውኃ ነው፤ ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣውም ያንኑ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለፋብሪካ ባለቤቱም፣ መኪናውን ከወንዙ ዳር ለሚያጥበውም፣ ፌስታሉን ከድልድዩ ላይ ለሚጥለውም አንድ ነው፦ ፍሳሹ ሳይጣራ በሬሳ አይግባ፤ ቆሻሻውም ከወንዙ ይራቅ። በሬሳ የሚገባው ሁሉ ጀማ ይደርሳል።