መጻሕፍትን ስለ ማንበብና ለባልንጀራ ስለ ማመልከት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ከአዳማ ከተማ በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሶደሬ በፍል ውኃው የታወቀ ስፍራ ነው። ሰው ሥራ ያደከመውን አካሉን ሊያሳርፍ፣ ቍርጥማት የያዘውን ጕልበቱን ሊያፍታታ ወደዚያ ይወርዳል። ዕረፍትን አግኝቶ ሲመለስም ለወዳጁ ይነግረዋል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ሂድ፣ ይህን ያህል ቆይ፣ ከዚህ አትለፍ ብሎ ይመክረዋል። ያገኘውን መልካም ነገር ብቻውን ሊይዝ አይወድምና። ለሥጋ ዕረፍት እንዲህ የምንመካከር ከሆነ፣ አእምሮን ከድካሙ ስለሚያነሡት መጻሕፍት እንዴት ዝም እንላለን? ስለዚህ ስለ ምድር፣ ስለ ጤና፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ቋንቋና ስለ አስተዳደር የተጻፉትን መጻሕፍት ማንበብና ለባልንጀራ ማመልከት ከፍቅር ሥራዎች አንዱ መሆኑን እናስረዳለን።

አንዳንድ ሰዎች ለክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ይበቁታል፤ የቀረው የዓለም ጥበብ ነው ይላሉ። ለመዳን የሚያስፈልገው ትምህርት በቅዱሳት መጻሕፍት ምሉእ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሴ የግብጻውያንን ጥበብ ተምሯል፤ ዳንኤልም የከለዳውያንን ትምህርት አጥንቶ ከእምነቱ አልተናወጠም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። የእኛም አባቶች ስለ እንስሳትና ስለ አዕዋፍ የሚናገረውን ፊሳልጎስን፣ የጠቢባንን ምክር የሰበሰበውን መጽሐፈ ፈላስፋን፣ ስለ ዘመን አቈጣጠር የሚያስተምረውን አቡሻክርን ወደ ግእዝ መልሰው አንብበዋል። የኒቅዩስ ኤጲስ ቆጶስ ዮሐንስ በ7ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የዓለም ታሪክ እንኳ ዛሬ ለሊቃውንት ሁሉ የተረፈው በግእዙ ትርጓሜ ብቻ ነው። አባቶቻችን ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም ብለው ቢተዉት ኖሮ ያ ታሪክ ከዓለም ላይ በጠፋ ነበር።

የንባብ ጥቅም ለአንባቢው ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ምሳሌ እናገኛለን። የሥነ ምድር መጻሕፍት እንደሚያስረዱት፣ የዝናም ውኃ ወደ ምድር ሠርጎ በታች ባለው የጋለ ዐለት ይሞቅና በስንጥቁ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ የሶደሬ ፍል ውኃም ከዚህ ወገን ነው። ነገር ግን በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል የሚዘዋወር ውኃ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገርም አሟሙቶ ይይዛል። ይህም በጥቂቱ ለጥርስ የሚጠቅም ሲሆን ሲበዛ ጎጂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጕድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ጥርሱ ገና በሚሠራበት በሕፃንነቱ ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዘመን የጠጣውም አከርካሪው ሊገተርና መገጣጠሚያው ሊደርቅ ይችላል። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አካባቢ ከጕድጓድ ይጠጡ በነበሩ ሰዎች ላይ ይህ ደዌ በሐኪሞች ተመርምሮ ተጽፏል።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ጥርሱ የበለዘውን ልጅ ንጽሕና የሌለው ነው ብሎ ይነቅፈዋል። በስግደት ጊዜ አንገቱን ማጐንበስ ያልቻለውን ሽማግሌ ትዕቢተኛ ነው ወይም የኃጢአቱን ዋጋ አገኘ ብሎ ይፈርድበታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ በማን ኃጢአት እንደ ሆነ ጌታን ጠይቀው ነበር፤ ጌታችን ግን በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ይህን ያነበበ ሁሉ ከመፍረድ መከልከል ይገባዋል፤ ስለ ውኃው የተጻፈውን ያነበበ ደግሞ ከመፍረድ ተከልክሎ ይረዳል። የጕድጓዱ ውኃ እንዲመረመር ያሳስባል፤ ለሕፃናት ከጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናም ውኃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውኃ እንዲሰጣቸው ይመክራል። ውኃ ማፍላት ተውሳክን እንጂ ፍሎራይድን እንደማያስወግድም ለእናቶች ይነግራል። ወንጌል ልቡን ያቀናዋል፤ ዕውቀቱም እጁን ያቀናዋል።

መጽሐፍን ለሰው ማመልከትም የከበረ ሥራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም ሰብስበው በ1904 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሰው ያለውን ሀብት ካላወቀ አይፈልገውምና። ደግሞ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዙን መዝገበ ቃላት ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ በዐደራ ተቀብለው ደከሙበት፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላም ደስታ ተክለ ወልድ ዐደራውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው እንዲህ በፍቅር ነው።

ይሁን እንጂ ማመልከት ሥርዓት አለው። አንደኛ፣ ሳያነቡ አንብቡ ማለት አይገባም፤ የመጽሐፉን ሽፋን ብቻ አይቶ የሚያመሰግን ሰው ያልገባበትን ውኃ ልኩ ነው የሚል ሰውን ይመስላል። ሁለተኛ፣ የአንባቢውን ፍላጎትና ዐቅም ማወቅ ያሻል። ለእናት ስለ ሕፃናት ጤና፣ ለገበሬ ስለ አፈር አጠባበቅ፣ አገሩን ለማገልገል ለሚያስብ ወጣት በ1916 ዓ.ም. የታተመውን የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ማመልከት መልካም ነው። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ መቼና በማን እንደ ተጻፈ መመርመር፣ አንዱንም ከሌላው ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ስለ ጤና የተጻፈውም ወደ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ እንጂ ሐኪምን የሚያስቀር አይደለም። አራተኛ፣ መጽሐፍ ሰጥቶ አለመሄድ ነው። የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ከሩቅ ሰላምታ ሰጥቶ አላለፈም፤ ማስተዋሉን ጠየቀው፣ በተጋበዘም ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ ተረጐመለት። በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የተጻፈው ይህ ነገር ሰው በንባቡ መካከል ረዳት ባገኘ ጊዜ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ያሳየናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ወደ ሶደሬም ሆነ ወደ ሌላ ስፍራ ለዕረፍት ስትሄዱ ከልብሳችሁ ጋር አንድ መልካም መጽሐፍ ያዙ። ስትመለሱም ከአዋሽ ዳር ያገኛችሁትን ዕረፍት እንደምታወሩ ሁሉ ከመጽሐፉ ያገኛችሁትንም ለጎረቤት ንገሩ። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ መጽሐፍ ያለው ለሌለው ያውስ፤ የተዋሰም ንጹሕ አድርጎ ይመልስ። የምናውቀው ሲበዛ በባልንጀራችን ላይ የምንፈርደው ካነሰ፣ ንባባችን ፍሬ አፍርቷል።

ልብን የሚያበራ እግዚአብሔር የምናነበውን እንድናስተውል፣ ያስተዋልነውንም ለባልንጀራችን ጥቅም እንድናውለው ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።