ለሐኪም ያሳመርኩት ቀን



ሰው እንደሚታይ ሲያውቅ የሚያሳየው ጠባይ የራሱ ነው ወይስ የተዋሰው? ይህ ጥያቄ በየጉባኤው ሲነሣ ሰምቼ አልፌው ነበር። የገባኝ በዐቢይ ጾም፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጥፎብኝ ከቡራዩ አዲስ አበባ ስመላለስ ነው።

ልቤ አልፎ አልፎ ድንገት ይዘላል፤ ከዚያ ቆም ያለ ይመስለኝና ዓይኔን ያጨልመኛል። በተለይ ሌሊት ለስግደት ስነሣ ይብስብኛል። ሐኪም ቤት ሄጄ ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ‹‹ደህና ነህ›› ተባልኩ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ያ ወረቀት የሚይዘው ዐሥር ሰከንድ ያህል ነው። አንድ ቀን ደግሞ 86,400 ሰከንድ አለው፤ በዚህም ጊዜ ልብ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። መጥቶ የሚሄድ ሕመም በዚያች ዐሥር ሰከንድ ውስጥ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙም ይህን አስረድቶኝ ‹‹ለሃያ አራት ሰዓት ሆልተር እናስርልሃለን›› አለኝ።

ሆልተር የሰው ስም ነው። ኖርማን ሆልተር የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የልብን ምት ከአልጋ ውጭ ለመከታተል የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘልና 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነበር። ዛሬ ከሞባይል ስልክ አይበልጥም፤ በሌላው ዓለም እንዲያውም እንደ ፕላስተር ደረት ላይ ተለጥፎ ሁለት ሳምንት የሚመዘግብ አለ።

ተራ ስንጠብቅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ነበርን፤ እኔ ከቡራዩ፣ አንዲት እናት ከሰበታ፣ አንድ ወጣት ከሱሉልታ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከተሞቻችን በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ለልባችን ግን ሦስታችንም አዲስ አበባ ገብተናል። ነርሷ የደረታችንን ቆዳ ጠርጋ ሽቦዎቹን ለጠፈችልንና ‹‹ውኃ እንዳይነካው። ሌላውን ሁሉ እንደ ወትሯችሁ አድርጉ። የሠራችሁትንና የተሰማችሁን ከነሰዓቱ በዚህ ደብተር ጻፉ›› አለችን።

የሰበታዋ እናት፣ የሚኖሩት ከጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳም አጠገብ ነው፣ ‹‹ጠበሌስ ልጄ?›› አሏት።

‹‹መጠመቁ ለነገ ወዲያ ይቆይዎት እማማ። መጠጣቱን ይጠጡ።››

መድኃኒታቸውንም በጾሙ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚያቆዩት ያን ጊዜ ሰማን። ነርሷ ደንግጣ ሐኪሙን ጠራችው። ይህ ነገር በየሰፈራችን ያለ ነውና ንስሐ አባትንም ሐኪምንም ሳይጠይቁ በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቆየት አይገባም።

እንግዲህ የእኔን ቀን ልንገራችሁ። ገና ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ አንድ ሕንፃ ስገባ የፈታሹ እጅ ሽቦው ላይ አረፈ። ክው አለ፤ ‹‹ምንድን ነው ይሄ?›› ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰው ሁሉ እያየኝ ሸሚዜን ገልጬ አሳየሁት። ታክሲ ውስጥም ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ በሙቀት ተቀቀልኩ። በሽታ ኃጢአት ይመስል ለምን እንደምንደብቀው እንጃ!

ቤት ስደርስ ግን የባሰ ሠራሁ። የወትሮ ሥራዬ በጄሪካን ውኃ ቀድቼ ዳገቱን መውጣት ነው፤ ልጄን ላክሁት። ሌሊት አልሰገድኩም፤ ለባለቤቴም ‹‹መሣሪያው እንዳይበላሽ ነው›› አልኳት። እውነቱ ሌላ ነበር። ሕመሙ ከተመዘገበ ሐኪሙ ጾሙንና ስግደቱን ተው ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው። በአጥር ምክንያት ዓመታት የተኳረፍነው ጎረቤቴ በር ላይ ሲያጋጥመኝ እንኳ፣ ልቤ እንዳይቆጣ ብዬ በለሆሳስ ‹‹እንዴት አደርክ›› አልኩት። ገርሞት ቆሞ ቀረ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሦስት ነገር ነው፤ ጸለይኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ መሣሪያውን ለመመለስ ስንገናኝ የሱሉልታው ወጣት ደብተሩን አሳየኝ። ሥራው መኪና ላይ ድንጋይ መጫን ነው። በልጅነቱ ጉሮሮውን በተደጋጋሚ ታሞ ሳይታከም ቆይቶ የልቡ በር ተጎድቷል። (እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ግን ይከላከላል። ልጆች ያላችሁ ልብ በሉ።) ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ ‹‹4 ሰዓት ድንጋይ ጫንኩ፣ ደከመኝ። 7 ሰዓት ከአሠሪዬ ተጣላሁ፣ ልቤ ተንቀጠቀጠ። ማታ 2 ሰዓት ሁለት ብርሌ ጠጅ።››

‹‹በጾም?›› አልኩት።

‹‹ኧረ ጋሼ! የሚያነበው ሐኪም አይደል እንዴ? ከዋሸሁትማ የማንን መድኃኒት ይሰጠኛል?››

ውጤት ቀን ሐኪሙ የእኔን ወረቀት አገላብጦ ‹‹ምንም የለውም። ግን በሳምንት ስንት ቀን እንዲህ ትውላለህ?›› ሲለኝ መልስ አጣሁ።

‹‹እግዚአብሔር እንደሚያይህ ሆነህ ኑር፣ መልካም ትሆናለህ›› ይባላል። እውነት ነው፤ እኔም በዚያች ቀን ለጎረቤቴ መልካም ነበርኩ፤ የተቀበለው ሰላምታም ከፍርሃት ስለወጣ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የሚያየኝን እንደ ፈራጅ ብቻ ቆጠርኩትና አጊጬ ቀረብኩ። ሊያድነኝ የሚያይ መሆኑን ረሳሁት። ልብን የሚመረምር አምላክ ደብተር አያስፈልገውም፤ ደብተሩ ለእኔ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ‹‹የጾም ሥርዓት ለታመመ ሰው አይጨክንም፤ ሐኪሙ የሚልህን አምጣልኝና አብረን እናያለን›› አሉኝ። ቀጥለውም ጥቂት ዝም ብለው ‹‹ልጄ፣ ለእርሱ ያልጻፍከውን ለእኔስ ነግረኸኛል?›› አሉ።

አልነገርኳቸውም ነበር። ስለ ጎረቤቴ ስናዘዝ ‹‹በአጥር ተጋጨን›› እል ነበር እንጂ አጥሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ እርሱ የገፋሁት እኔ መሆኔን አንድም ቀን አልተናገርኩም።

ሆልተሩ ዳግመኛ ታሰረልኝ። ውኃውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ሰገድኩ፤ ልቤም ያን ጊዜ ዘለለ፤ ጻፍኩት። ሕመሙ ተገኘና መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ስግደቱንም ንስሐ አባቴ በአቅሜ ወሰኑልኝ። ሐኪሙ ግን የቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ። ልቤ ከዳገቱም ይልቅ የፈጠነው በዚያ ሰዓት ነው። ደብተሬ ላይ ‹‹ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ›› ብቻ ይላል።

‹‹እዚህ ጋ ምን ስታደርግ ነበር?›› አለኝ።

ነገርኩት።