ሳይሰብሩ መጣል

ልጆች ሆነን ትግል ስንገጥም ሕጉ አጭር ነበር፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ተነስቶ አቧራውን ያራግፍና «ድገመኝ!» ይላል። የጓደኛውን ጥርስ ያወለቀ ግን አሸነፈ አይባልም፤ እቤቱ ድረስ ተሂዶ ይከሰሳል እንጂ።

ይሄ ትዝ ያለኝ በሮቦት ፍልሚያ ሰበብ ነው። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ለ1.5 ኪሎ ምድብ ሮቦት ልትሠራ ተነሳች፤ ኪሷ ግን ባዶ ነው። ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ በሞተር የሚሽከረከር ስለት፤ ያገኘውን ይጎምዳል። ሌላው ገልባጭ፤ በታመቀ አየር የሚገፋ ክንዱን ከባላጋራው ሥር አስገብቶ ያሽቀነጥረዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ላይ የጀመረውን «ሮቦት ዋርስ» የተከታተለ ሰው «ኬኦስ 2»ን አይረሳም፤ ሁለቴ ሻምፒዮን የሆነው እየገለበጠ ነው።

ቀላሉ ስለቱ ነው፦ ሞተር፣ ብረት፣ አለቀ። ገልባጭ ፒስተን፣ ቫልቭ፣ የአየር ጋንና ቱቦ ይፈልጋል። ታዲያ እሷ ለምን ከባዱን መረጠች? «ጋሼ፣ የሰው የስድስት ወር ሥራ በሦስት ደቂቃ መቆራረጥ ያስጠላኛል» አለችኝ።

ተከራከርኳት። ባላጋራዋ ፈቅዶ ነው የገባው፤ ማንም አላስገደደውም። እውነት ነው፣ ግን ፈቃድ ሁሉ እኩል አይደለም። ሦስት መለዋወጫ ሞተር በሻንጣ ይዞ የመጣና ያለችውን አንዲት ሮቦት ያስገባ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ቢፈርሙም አንድ ነገር አላስያዙም። በርግጥ ገልባጭም ጻድቅ አይደለም፤ ከፍ ብሎ የወደቀ ይሰበራል። ልዩነቱ፣ መስበሩ የማሸነፊያው መንገድ አለመሆኑ ነው።

ሥራው ራሱ ደስ ይል ነበር። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን በ8 ባር ግፊት 25 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ይህን ግፊት ደህና የብስክሌት ፓምፕ ይሰጣል። ችግሩ ቫልቩ ላይ ነው። ቀዳዳው ከጠበበ አየሩ ቀስ ብሎ ይገባና ክንዱ እንደ ሽማግሌ ተንጠራርቶ ይነሳል፤ ማንንም አይጥልም። ደግሞ ጋኑ ትንሽ ስለሆነ አምስተኛው ግልበጣ ከመጀመሪያው ይደክማል።

የተጣላነው በጋኑ ነው። «የለስላሳ ጠርሙስ እኮ ይችላል!» አለች። ምናልባት ይችላል። ግን ጠርሙሱ ቢፈነዳ ስብርባሪው የሚያገኘው ፈርሞ የገባውን ሮቦት ሳይሆን፣ አጠገቧ ቆሞ ሻይ የሚጠጣውን ሰው ነው። እሱን ማን ጠየቀው? በራስ ድህነት መቆጠብ ይቻላል፣ በሌላ ሰው ዓይን ግን አይቻልም። ለግፊት የተሠራ ጋንና ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቅ ቫልቭ ገዛን፤ የቀለሙ ገንዘብ እዚያው አለቀ። ሮቦቷ ሳትቀባ ሜዳ ገባች።

አንዱን ባላጋራ ገለበጠችው። ሁለተኛው ባለ ስለት ነበር፤ ክንዷን ከማጠፊያው ላይ ቆርጦ ጣለው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ፤ ሰባሪው ካቻቢቴና አንድ እፍኝ ብሎን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። «ለሚቀጥለው ግጥሚያ እናድርሳት» አለ። እኔ የምለው ጠፋኝ። እሷ ብሎኑ ባለ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እየጠየቀችው ነበር።