«ቤዛ ኵሉ»፦ ማንንም ያልተወ ዝማሬ



በቆቦና በራያ ቆላ ላደግን ሰዎች የልደት በዓል የሚጀምረው ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። የማሽላው ዛላ ተቆርጦ ወደ አውድማ በሚጋዝበት ወራት፣ ነጭ የለበሱ፣ በትርና ስንቅ የያዙ መንገደኞች በባዶ እግራቸው ወደ ላስታ ተራሮች ለመውጣት በደጃችን ያልፉ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ውኃና ንፍሮ ይዞ ይቀበላቸዋል። ልጆች ሳለን «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ቤዛ ኵሉን ልንሰማ» ይሉን ነበር።

በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊካውያን ልደትን የምናከብረው ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ቀን ነው፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማም የጋራ ቅርሳችን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ እንዲህ ያለው ጥንታዊ ሥርዓት ተጠብቆ እንዲኖር አሳስቧል። ስለዚህ ዝማሬ የምንናገረውም በወንድማዊ አክብሮት ነው።

በላሊበላ በቤተ ማርያም የበዓሉ ዕለት ማለዳ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ማሜ ጋራ በተባለው የዐለት አፋፍ ላይ ይሰለፋል፤ ሌላው ወገን ከታች በቅጥሩ ውስጥ ይቆማል። ከበሮው ሲመታ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ የላይኞቹ ያዜማሉ፤ የታችኞቹ ይመልሳሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቅዱስ ሉቃስ በሌሊት መንጋቸውን ይጠብቁ ስለ ነበሩ እረኞች የጻፈውን (ሉቃ. 2፥8) ለመረዳት የራያ ሰው መምህር አያሻውም፤ ከብቱን ይዞ በሜዳ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

የዝማሬው ምሥጢር ግን በሁለቱ ቃላት ውስጥ ነው። ቤዛ ማለት ራሱን በሌላው ፈንታ ሰጥቶ የሚዋጅ ማለት ነው። ኵሉ ማለት ሁሉ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ክርስቶስ ራሱን ለሁሉ ቤዛ አድርጎ መስጠቱን ይመሰክራል (1ጢሞ. 2፥6)። የመጀመሪያው ቃል ደስ ያሰኘናል፤ ሁለተኛው ግን ይፈትነናል።

በአገራችን ደም በፈሰሰ ጊዜ ዘወልድ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት የአገር ሽማግሌዎች በሟችና በገዳይ ወገን መካከል ገብተው፣ ካሳ አስከፍለው ደም ያደርቃሉ። ከዓመታት በፊት በግጦሽ ጠብ ልጃቸው የተገደለባቸው አንዲት እናት ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ መለሷቸው። በልደት ዋዜማ ግን ወደ እኛ መጡና፣

«አባ፣ ኵሉ ማለት ማንን ማንን ነው?» አሉን።

«ሁሉን ነው፣ እናቴ።»

«የልጄን ገዳይም?»

በዘርአ ክህነት የተማርነው መልስ ነበረን፤ በእኒያ እናት ፊት ለመናገር ግን አፋችን ከበደን። ከብዙ ዝምታ በኋላ «አዎን፣ እርሱንም» አልን።

«እንግዲያው ዘንድሮ አልዘምረውም» ብለው ወጡ።

በዚያ ሌሊት በቤተ ክርስቲያናችን ቆመን ስናዜም ቃሉ በጉሮሯችን ተሰነቀረ። ዝማሬውን ከእኛ ይልቅ የተረዱት እርሳቸው መሆናቸውን ዐወቅን። እኛ በየዓመቱ ሳናስብ እናዜመው ነበር፤ እርሳቸው ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ተረድተው ነበር። በዓመቱ ሽማግሌዎቹን ተቀበሉ። ለልደት በኋለኛው ረድፍ ቆመው፣ ድምፃቸው ባይሰማም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። ከዚያ ወዲህ ከዚያ የበለጠ ዝማሬ አልሰማንም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦና በአካባቢዋ ሲመላለስ ብዙ ልጅ ያለ አባት፣ ብዙ እናት ያለ ልጅ ቀርተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፤ ከልብ ውስጥ ቂምን የሚያወጣ ፊርማ ግን የለም። ያዘነውን ሰው «ቶሎ ይቅር በል» ብሎ ማስጨነቅም የእረኛ ሥራ አይደለም። እግዚአብሔር እኒያን እናት አንድ ዓመት ሙሉ ታግሷቸዋል፤ እኛም እንታገሥ። ፍትሕን መፈለግም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ማናችንም ከ«ኵሉ» ውስጥ አንድን ሰው የማውጣት ሥልጣን የለንም። በዚያ ቃል ውስጥ እኛ ራሳችን የገባነው በጽድቃችን ሳይሆን በምሕረቱ ነውና።

ስለዚህ ከበዓሉ በፊት እያንዳንዳችን ከ«ኵሉ» ውስጥ ያስቀረነውን አንድ ሰው በልባችን እንሰይም። ለእርሱ መጸለይ ቢያቅተን፣ መጸለይ እንድንችል እንጸልይ። የሚቻለን ሽማግሌ እንላክ፤ ሽማግሌ የመጣብን ደግሞ በራችንን አንዝጋ።

የላይኞቹ አዚመው የታችኞቹ ዝም ቢሉ ዝማሬው ጎደሎ ይሆናል። መላእክት በቤተ ልሔም ሰማይ የድርሻቸውን ዘምረዋል፤ የቀረው የእኛ መልስ ነው።

የሁሉ ቤዛ የሆነው ሕፃን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። አሜን።