መቻልና መሸሸግ

በቋንቋችን «መቻል» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ ኃይል ማግኘት፥ ሁለተኛው መከራን መታገሥ ነው። ስለዚህ ጭንቀቱን በሆዱ ይዞ የሚኖረውን ተማሪ «ቻይ» ብለን እናመሰግነዋለን። ይህ ምስጋና የተገባ ነውን?

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ በተሰጠ ጊዜ፥ ከተፈተኑት ከእኩሌታ የሚበልጡት የማለፊያውን 50 ከመቶ ሳያገኙ ቀሩ። ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ዲግሪው የቀረበትን ልጅ ከፈተናው ይልቅ የሚያስፈራው ወደ ቤት የሚደውለው ስልክ ነው። እናቱ ላሟን ሸጣ አስተምራው እንደ ሆነማ በምን ቃል ይጀምር? «ደኅና ነኝ» ይላል። እንቅልፉም ይጠፋል፤ የሌሊት ዕረፍት የተጠናውን በአእምሮ የሚያጸና ነውና፥ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ያነበበውን ለመያዝ ይቸግረዋል። አንዳንዱም ወደ ጫት ያዘነብላል፤ ይህንንም ለጥናት ይረዳል ይሉታል!

ላዛረስና ፎክማን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሰው ጭንቀትን የሚቋቋምበትን መንገድ በሁለት ከፍለው አሳይተዋል፤ ይኸውም ችግሩን ራሱን ማቃለል፥ ወይም ችግሩ ያመጣውን ስሜት ማስታገሥ ነው። ዝም ያለ ልጅ ግን ሁለቱንም ያጣል። ፈተናውን ደግሞ መፈተን የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን መውደቁን ያልሰማ ወዳጅ እንዴት አብሮት ያጠናል?

ልጁ የሚሸሽገው እኛ በሰማን ጊዜ የምንሆነውን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ የመቻል ግዴታ መጀመሪያ የማን ነው? ስልኩን ያነሣ አባት የልጁን መውደቅ ሰምቶ፥ ድምፁን ሳይለውጥ «ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?» ብሎ ለመጠየቅ ብርቱ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።